ጋሽ እንግዳወርቅና የባንትይርጉ ፉል መኪና

ውርጭ አምባ ላይ ጋሽ እንግዳወርቅን አላውቃቸውም የሚል ሰው አይገኝም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ወደ ከተማዋ የመጡት እንኳ “አብረን ተቀምጠን ስንጫወት…” ብለው ይጀምራሉ። እኔ የማወራው ከእህታቸው ልጅ ከትደነቂያለሽ የሰማሁትን ነው። እሷ ደግሞ በነገሩ ውስጥ ስለነበረች ብዙም አልጨመረችበትም።

ጋሽ እንግዳወርቅ የማዘጋጃ ቤት ለፋፊ ነበሩ። ድምፅ ማጉያ በተገጠመለት መኪና እየዞሩ ማስታወቂያ ያሰማሉ። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ካየ በሰነበተበት ጊዜ አለቃቸው “ነገ ውሃ እንደሚቋረጥ ለሕዝቡ ያስታውቁ” አላቸው። ወጡና ለፈፉ፦

«ትናንት ያልነበረው፣ ዛሬም የሌለው ውሃ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይቋረጣል።»

ጡረታቸው በዚያው ሳምንት ተፈጸመ።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ትደነቂያለሽ ቤት ነው። ባሏ ባንትይርጉ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው፤ በቋጣሪነቱም እንደዚያው የታወቀ። አንድ ተፎካካሪው ነጋዴ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ መኪና ገዝቶ ከተማውን ሲዞርባት፣ ባንትይርጉ እንቅልፍ አጣ። አዲስ ለመግዛት አንጀቱ አልቻለም። ያገለገለች ትሁን አለ፤ ግን ከሰውዬው እንዳያንስ ሁሉ ነገር የተሟላላት፣ ፉል ኦፕሽን ካልሆነች አልነካም አለ።

“አጎቴን ይዘህ ሂድ” አለችው ትደነቂያለሽ።

“እሳቸው ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?”

“ስለ ሰው ያውቃሉ።”

አብረው ሄዱ። ወንድይፍራው የሚባል ደላላ አንዲት ነጭ ሃይብሪድ አቁሞ በጨርቅ ይወለውላታል። ይቺ ዓይነት መኪና ከፋብሪካ የምትወጣው በሦስት ደረጃ ነው፤ ታችኛው፣ መካከለኛውና ፉሉ። ከሩቅ ሲያዩአቸው ሦስቱም አንድ ናቸው። ጋሽ እንግዳወርቅ “ይቺ የትኛዋ ናት?” ብለው ጠየቁ።

“ጋሼ፣ ይቺ እኮ ከዱባይ የመጣች ናት። የነዳት ዶክተር ነው። ወንድሙም አብራሪ ነው።”

«ልጄ፣ እኛ የጠየቅንህ አባቷን ነው፤ አንተ የምትነግረን አጎቷን ነው።»

ዙሪያውን የቆሙት ደላሎች የበቅሎዋ ተረት ትዝ ብሏቸው ሳቁ። ወንድይፍራው ፊቱ ቀላ፤ ወደ መኪናዋ ኋላ ወሰዳቸውና በብርማ ፊደል የተለጠፈውን የ“ፉል” ምልክት አሳያቸው። ጋሽ እንግዳወርቅ በጥፍራቸው ነካ ቢያደርጉት ጥጉ ብድግ አለ። ጣታቸው ላይ ሙጫ ቀረ።

«ማዕረጓ ገና አልደረቀም» አሉ።

ባንትይርጉ ግን ልቡ ሄዷል። ገብቶ መሪውን ያዘ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይጫናል። አንደኛው አልጫን አለው።

“ይሄ ምን ያደርጋል?”

“እሱ ክዳን ነው። ቁልፍ የሌለበትን ቀዳዳ ይሸፍናል።”

“ይሄኛውስ?”

“እሱም ክዳን ነው።”

ሦስተኛውንም ተጫነ። እሱም ክዳን ነበር። ጋሽ እንግዳወርቅ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው፦

«ባንትይርጉ፣ አትጠራጠር። በክዳን በኩል ፉል ናት።»

ገዛት። ደላላው ደስ ብሎት “ቁርስ እንብላ” ሲል ባንትይርጉ ከፋይ እንዳይሆን ፈርቶ አስተናጋጇን ቶሎ ብሎ “ለሦስታችንም ፉል፣ ኖርማል ይሁን” አላት።

«ኧረ ተው» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፤ «ኖርማሉን ገዝተን መጣን፤ ስፔሻል የምናየው እዚህ ሳህን ላይ ብቻ ነው።»

ክረምት ገባ። የውርጭ አምባ ክረምት ጭቃና ጭጋግ ነው፤ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ገደል ለገደል ይሄዳል። ጎሚስታው የመኪናዋን እግሮች አይቶ “ጋሼ፣ ጎማዎቹ ሙልጭ ብለዋል። ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ ጭቃ የሚይዝ ጎማ ይግዙ። ቸርኬው አያሳስብዎት፣ ደኅና ነው” ሲል ባንትይርጉን መከረው። ባንትይርጉ አሰበበት። ጎማ ጭቃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ማንም አያየውም። ቸርኬ ግን ያብረቀርቃል። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ገዛና ሙልጭ ያሉትን ጎማዎች መልሶ አስገጠመበት። በር ላይ አቁሟት “እንዴት ነው ጋሼ?” አላቸው።

«ደግ አድርገሃል። ሶል የሌለው ጫማ ቀለም ካልተቀባ ማን ያየዋል?»

በነሐሴ ቆላ የምትኖረው የትደነቂያለሽ እህት ወለደች። ትደነቂያለሽ ልትጠይቃት ተነሣች፤ አጎቷም ከኋላ አብረዋት ተቀመጡ። ባንትይርጉ ይነዳል። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ትዋልል ጀመር። ትደነቂያለሽ የአጎቷን ክንድ ጨበጠች። ባንትይርጉ ከፊቱ ወደተለጠፈችው የእመቤታችን ሥዕል እያመለከተ “አትፍሩ፣ ከፊታችን እሷ አለች” አላቸው።

«ከፊትስ አለችልን፤ የጎደለን ከሥር ነው።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ፍሬኑ ተረገጠ፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። ተንሸራታ በስተግራ ያለው ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች። በስተቀኝ ቢሆን ገደል ነበር። ትደነቂያለሽ ግንባሯ ከፊት ለፊቷ ወንበር ጋር ተጋጨ፤ ደማ። ጋሽ እንግዳወርቅ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት።

የአገሩ ገበሬዎች በሬ ጠምደው በገመድ ጎተቷት። አንደኛው ሽማግሌ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አይተው “ይቺ በምንድን ነው የምትሄደው?” ብለው ጠየቁ። ባንትይርጉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቆሞም ጉራውን አልተወም፤ “በሁለት ነገር ነው አባቴ። በቤንዚንና በባትሪ” አላቸው።

«ሦስተኛውን አትደብቃቸው» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፤ «በበሬ።»

ትደነቂያለሽ ያን ቀን ተመልሳ አልተሳፈረችም። የቀረውን መንገድ በእግሯ ወርዳ እህቷን አየች፤ ስትመለስም በአውቶቡስ ነው። ባሏን “ጎማው እስኪቀየር እዚያች መኪና ላይ አልወጣም” አለችው። ባንትይርጉ አፍሮ ገበያ ወጣና የጭቃ ጎማ ገዛ። ሁለት ብቻ። ሁለቱንም ከፊት አስገጥሞ መጣ።

“ይኸው፣ ክረምቱን እንደ ልብ ነው” አለ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ከፊት አዩ፤ ከኋላም ዞረው አዩ። ከዚያ ለትደነቂያለሽ እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ባልሽ ድኗል፤ እግዜር ይመስገን። ከኋላ የምንቀመጠው እኔና አንቺ እንሰነባበት።»

የቀሩት ሁለቱ ጎማዎች በማግስቱ ተገዙ።

ቦይ ውስጥ ስትገባ የተሰበረውን የጭጋግ መብራት ለማስቀየር ሲሄዱ ግን ሌላ ነገር ወጣ። መካኒኩ ፈቶ አየና ሳቀ። ከመብራቱ ኋላ ሽቦ የለም። መብራት መስሎ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። “ይቺ መኪና ታችኛዋ ደረጃ ናት፤ የጭጋግ መብራት ኖሯት አያውቅም” አለ። ባንትይርጉ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መኪናዋን ሲገዛ የተመለሰለት እንቅልፍ እንደገና ጠፋበት፤ ደላላውን ከሰሰ። ጋሽ እንግዳወርቅን ምስክር አድርጎ ቆጠረ።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ቸኩለዋል። ወንድይፍራው “ክቡር ዳኛ፣ የፉሉ ምልክት ጥጉ ሲነሣ በዓይኑ እያየ ነው የገዛው” አለ። ዳኛው ምስክሩን ለመስማት አልፈለጉም። መዝገቡን ዘጉና ባንትይርጉን ተቆጡት፦

“አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም? ከላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አይቶ ውስጡን ሳይመረምር የሚያምን ሰው፣ ጥፋቱ የራሱ ነው። ክሱ ውድቅ ሆኗል።”

ባንትይርጉ አንገቱን ደፋ። ጋሽ እንግዳወርቅ ከምስክሮች ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«እውነትዎን ነው፣ ክቡር ዳኛ። እኛም የገባነው በሩ ላይ ‹ፍትሕ› የሚል ተለጥፎ አይተን ነው።»