ክዳን የሌለው ቋት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ የሀገሩን ወፍጮዎች በገዛ አፉ ያዘጋ።

መምህር እንዳላማው እንዲህ ብለው የጀመሩት ማኅደር የምትባል የቀድሞ ተማሪያቸው ጥያቄ ስለጠየቀቻቸው ነው። ማኅደር ድረ ገጽ መሥራት የተማረችው ከእሳቸው ሲሆን፣ አሁን ለአንድ ጤና ጣቢያ ሕመምተኞች ቀጠሮ የሚይዙበትን ገጽ ትሠራለች። አንድ ትልቅ ኩባንያ ያለቀለት የቀጠሮ ቅጽ በነጻ እሰጣለሁ ብሏታል። ኮዱን ከፍቶ ማየት ግን አይቻልም፤ ሕመምተኛው የሚሞላውም ሁሉ መጀመሪያ በኩባንያው እጅ ያልፋል። መምህሩ ደግሞ ማንም አይቶ ሊመረምረው በሚችለው፣ የማንም ባልሆነው የድረ ገጽ ሥራ የጋራ ደንብ ካልተሠራ ብለው ይሟገቷታል። «መምህር፣ በነጻ እያለ ሦስት ሳምንት ለምን እንለፋለን?» አለቻቸው። «ለጥርሱ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ምን የሚሸሽገው አለ?» ይህችኛዋ አነጋገር አናደደቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ነገሯት።

ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሸንጎ ላይ ቀድሞ መናገር የሚወድ፣ ሲያጨበጭቡለት ልቡ የሚሞቅ። ወንዝ ዳር ከአባቱ የወረሰው አንድ መሬት ነበረው፤ ዝናብ ቢጠፋ እንኳ ወንዙ እያጠጣው የሚያበቅል። ቤቱ በክፉ ቀን የሚተማመነው በዚያ መሬት ነው።

በዚያ ሀገር ሦስት የውሃ ወፍጮዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውም ሦስት ሰዎች። ሀገሩ ሌላ ቦታ ቢያወሩት የሚያስቅ አንድ ልማድ ነበረው። እህል ወደ ወፍጮ የሚሄደው በፍየል ቆዳ ስልቻ ነው፤ ስልቻው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሌለው፣ አፉም አንድ ልክ። እህሉ የሚፈስበት ቋት ክዳን አለው። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለ፤ የስልቻው አፍ እዚያ ላይ ልክክ ይላል። ባለ እህሉ ራሱ ይገለብጣል፤ ባለወፍጮው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዱቄቱም በዚያው ስልቻ ተመልሶ ይገባል። ጤፍ ይሁን ገብስ፣ ምርጥ ይሁን እንክርዳድ የበዛበት፣ ከባለቤቱ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ወፍጮ ቢያስቀይመው አህያውን ነድቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስልቻው ለሦስቱም ይሆናልና።

ልኩን የሚጠብቀው ከወይራ የተጠረበ ቀለበት ነበር። ሸንጎ በሚቀመጡበት ሾላ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ስልቻ የሚሰፋ ይለካበታል፤ ወፍጮ የሚተክል ይለካበታል፤ ጥርጣሬ የገባው ሁሉ አውርዶ ይለካበታል። ቀለበቱ የእገሌ ነው የሚባል አልነበረም።

ይህ ልማድ ዝም ብሎ አልመጣም። በአያቶቻቸው ዘመን አንዲት እናት ጓያ ስታስፈጭ ታየች። ጓያ የተቸገረ ሰው እህል ነው፤ ወራት ሙሉ ከበሉት ጉልበት ይሰብራል። ወሬው ከወፍጮ ቤት ወጥቶ ሀገር አዳረሰ፤ «የጓያ ሰባራ አናገባም» ተብሎ የልጇ እጮኛ ጋብቻውን አፈረሰ፤ እናትና ልጅ አንድ ጠዋት ሀገር ጥለው ጠፉ። ሽማግሌዎቹ አፍረው ሦስት ቀን ሾላው ሥር ተቀመጡ። የሰው ችግር ሊቀር አይችልም፤ ገመናው ግን ይሸፈን ብለው ተማማሉ።

እንግዲህ አንድ ባለጸጋ መጣ። ከወንዙ በላይ አራተኛ ወፍጮ ተከለ። ድንጋዩ አዲስ፣ ፍጥነቱ የሚገርም። ዋጋ አልጠይቅም አለ። ለእያንዳንዱ ቤትም ቀይ ስልቻ አሰፍቶ ላከ፤ በእያንዳንዱ ላይ የቤቱ ምልክት በነጭ ክር ተጠልፎበታል። የስልቻው አፍ ጠባብ ነው፤ ከእሱ ቋት በቀር ሌላ ቋት ላይ አይገጥምም። የእሱ ቋት ደግሞ ክዳን የለውም። «እናንተ ለምን ትደክማላችሁ? የእኔ ሰዎች ይገለብጡላችኋል» አለ።

ሸንጎ ተቀመጡ። ከሦስቱ ወፍጮዎች የአንዱ ባለቤት የሆነች ባልቴት ተነሣች። «ልጆቼ፣ ወፍጮው ይምጣ፤ ደግ ነው። ግን ስልቻውም ቋቱም በቀለበቱ ይለካ፤ ቋቱም ክዳን ይኑረው። አለዚያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው የሚሆንብን።»

ባለጸጋው ፈገግ አለ። «የእኔ ወፍጮ በጥንት ቀለበት የሚለካ አይደለም፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል» አለ። ሕዝቡ አመነታ። አንዱ መሬት ይጭራል፣ ሌላው ሾላውን ያያል። ያን ጊዜ ገበሬያችን ብድግ አለ።

«ምናምን ያለበት ዝላይ አይችልም!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔ የምሸሽገው የለኝም። የምፈጨው ጤፍ ነው፤ ሀገር ይየው! እማማ ገበያዋ እንዳይቀርባት ብላ ነው እንጂ ምን ያስፈራል?»

ሳቁ፤ አጨበጨቡ። ባልቴቷ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ ያን ቀን ግን የታየለት አልነበረም። ዓመቱ ጥጋብ ነበራ! ጎተራው ሞልቶ ሳለ የማይጀግን ማን አለ?

በነጻ የሚፈጭ እያለ ከፍሎ የሚያስፈጭ የለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ወፍጮዎች ተዘጉ። ባልቴቷ ጥቂት ታገለችና እሷም ድንጋዩን ሸጠች። ወደ ወፍጮዎቹ ውሃ የሚያመጣው ቦይ ሣር በቀለበት። የድሮውን ስልቻ ማን ያስቀምጠዋል? ገበሬያችን የራሱን ቀዶ ለሞፈሩ ጠፍር አደረገው። ቀለበቱን የነካው የለም፤ እዚያው ሾላው ላይ ቀረ።

በአራተኛው ዓመት ለመከር ጥቂት ሲቀር በረዶ ወረደ። በአንድ ከሰዓት የሀገሩ አዝመራ ከመሬት ተደባለቀ። ወንዙም ሞልቶ የዳሩን መሬት ደለል አለበሰው፤ እስኪጠረግ ያንን ዓመት አያበቅልም። ገበሬው ቤት ያለው ገብስ በኅዳር አለቀ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ገበያ ጓያ እየሸመተ አመጣ። ለጎረቤት አልተናገረም። ሚስቱ ሰው ሲመጣ ምድጃው ላይ ባዶ ድስት ትጥድ ነበር፤ ወጥ እየበሰለ ነው እንዲባልላት። ትንሿ ልጁ በየካቲት መነሣት አቃታት። ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። አባትየው ነገሩን ዐወቀ፤ ዐውቆ ከጓዳ አስተኛት፣ «ብርድ መቷት ነው» አለ፤ አልቅሶም ማንም እንዳያየው ፊቱን ታጠበ። በመጨረሻ ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ አወጣ። ዘሩን የሚበላ ገበሬ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ገበሬ ነው። በዚያ በቀይ ስልቻ ሞላውና ወደ ወፍጮው ነዳ፤ ሌላ ወፍጮ አልነበረማ።

በሦስተኛው ቀን ባለጸጋው በበቅሎ መጣ። የወንዝ ዳሩን መሬት ሽጥልኝ አለ።

ገበሬው መሸጡን ቀድሞ አስቦበት ነበር። ችግሩን ካላሳየ ቢያንስ አሥር ጭነት እህል ያገኝበታል፤ ልጁን ወጌሻ ዘንድ ያደርሳል፣ ዘርም ይተርፈዋል። ስለዚህ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጌታዬ፣ ምን አጥቼ መሬት እሸጣለሁ? ጎተራዬ ሙሉ ነው» አለ።

ባለጸጋው አልተቆጣም። እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር። «ወንድሜ፣ በኅዳር ገብስህ አለቀ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጓያ ነው ያስፈጨኸው፤ ያውም ብቻውን። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ቁና ጤፍ አመጣህ፤ ፍሬው የተመረጠ ነበር፣ ዘር ነው። ከዚያ በኋላ ቤትህ ምንም የለም።» በዝግታም ጨመረ፤ «ሦስት ወር ጓያ የበላ ቤት ውስጥ የሚሰበር ሰው አይጠፋም። ማን ነው? ከልጆችህ አንዷ ናት?»

ገበሬው ከጓዳ በኩል የልጁ ድምፅ እንዳይሰማ ጸለየ። እንዲያው ጸለየ።

«አራት ጭነት ልሰጥህ ነበር የመጣሁት» አለ ባለጸጋው። «አሁን ግን ሁለት ይበቃሃል። ሌላ ገዢ የምትጠብቅበት ቀን የለህም።»

«ይህን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«አንተ ነሃ! በየሳምንቱ በገዛ አህያህ ጭነህ አመጣህልኝ። እኔ ምን ጠየቅሁህ?»

መሬቱ በሁለት ጭነት ስንዴ ሄደ። ሽማግሌ ቆመው፣ ድንበሩ ተረግጦ፣ አለቀ። ገበሬው ያን ስንዴ እንኳ ሰው ሳያየው ሊያስፈጭ ፈለገ። ወደ ባልቴቷ ወፍጮ ወረደ፤ ቦዩ ደርቋል፣ ጣሪያው ወድቋል። ባልቴቷ ደጃፏ ላይ ጥጥ ስትፈትል አየችው። አልሰደበችውም። «ልጄ፣ ድንጋዩ የለም፤ ስልቻህስ የታል?» አለችው። ይህ ከስድብ ባሰበት።

እንግዲህ የት ይሄዳል? ስንዴውን በቀዩ ስልቻ ጭኖ ወደ ባለጸጋው ወፍጮ ወጣ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም ፊቱ የጠወለገ፣ ሁሉም የሰውን ስልቻ ሰረቅ አድርጎ የሚያይ። የባለጸጋው ሠራተኛ ምልክቱን አይቶ ስሙን ጠራ፤ ክዳን የሌለው ቋት ላይም ዘረገፈው። ስንዴ! በዚያ ዓመት ስንዴ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁሉም ወደ ስንዴው አዩ፣ ከዚያ ወደ ገበሬው፤ ምን ሸጦ እንዳገኘው አንድም ሰው አልጠየቀውም። አላስፈለጋቸውም።

መምህር እንዳላማው ተረቱን ጨርሰው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ማኅደር የኮምፒውተሯን ክዳን ግማሽ ዘግታ ተቀምጣለች።

«ሰውየው ምን ማድረግ ነበረበት?» አለች። «ምስኪን ነው እኮ።»

«ዝም ማለት!» አሉ መምህሩ። «ያን ቀን ሾላው ሥር ዝም ቢል እንኳ ይበቃ ነበር። እኔን የሚያበግነኝ ባለጸጋው መሰለሽ? ባለጸጋ ሥራው ነው፤ ጅብ ሥጋ በላ ተብሎ አይከሰስም። የሚያበግነኝ ቀለበቱ እዚያው ተንጠልጥሎ መክረሙ ነው። ማንም አልሰረቀውም፣ ማንም አልሰበረውም፤ የሚለካበት ጠፋ እንጂ። የእኛም ደንብ እንዲሁ ነው። የትኛውም ድረ ገጽ ከየትኛውም አሳሽ ጋር እንዲገጥም፣ ምን እንደሚወስድ ማንም ከፍቶ እንዲያይ፣ የማይመለከተው ሰው የሌላውን ገመና እንዳያይ፣ ስንት ሰው ለዓመታት ተከራክሮ ያስማማው ነው። ተጽፎ ተቀምጧል፤ ነጻ ነው፤ የማንም አይደለም። ያ የኩባንያው ቅጽ ግን የቤትሽ ምልክት የተጠለፈበት ቀይ ስልቻ ነው። ዛሬ የጥርስ ቀጠሮ ይገለበጥበታል፤ ነገ የእርግዝና ክትትል፤ ከዚያ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት። አንድ ቀን አንዱ አሠሪ፣ ወይም አንዱ አማች፣ በበቅሎ ይመጣና ቤቱ ውስጥ ማን እንደተሰበረ በዝግታ ይናገራል።»

«እኔ እኮ ክፉ አላሰብኩም፣ መምህር።»

«ዐውቃለሁ። እሱም አላሰበም። አልደብቅም ማለት መብቱ ነበር፤ የራሱን ጎተራ ብቻ ከፍቶ ቢሰጥ ኖሮ አላዝንበትም ነበር። ያቺን ጓዳ የተኛች ልጅ ግን ማን ጠየቃት? ‹የምሸሽገው የለኝም› ያለው በእሷ ስም ጭምር ነው፤ ያኔ እሷ ገና መናገር አልጀመረችም ነበር። አንቺም ገጹን የምትሠሪው ለራስሽ አይደለም። ስማቸውን የሚጽፉብሽ ሴቶች ሸንጎው ላይ አልነበሩም፤ አያውቁሽም፣ አልላኩሽም። አሁን ስለ እነሱ ተነሥተሽ እየተናገርሽ ነው።»