የአስካለች ቅርጫትና ነጩ ማዳበሪያ

ጥቂት ደቂቃ ጆሮ ስጡኝ፤ አትቆጩበትም። ካፋ ውስጥ አስካለች የምትባል ሻይ አብቃይ ነበረች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቅርጫት ለጋ ቅጠል። ክረምቱ ሳይወጣ ካልሞላች የሻይ አብቃዮቹ ማኅበር ማሳዋን ለሌላ ይሰጠዋል፤ ደንቡ ነው።

ቅርጫቷን አንግታ ሻዩን፣ «እባክህ አቆጥቁጥ» አለችው።

«ሥር ካላጎረሰኝ አላቆጠቁጥም።»

«ሥር ሆይ፣ አጉርሰው! ሻይ አላቆጠቁጥ አለ፣ ቅርጫቴ ባዶ ነው።»

«ነፍሳቱ ካላበሰሉልኝ ምን ላጉርስ?»

ነፍሳቱ እነማን ናቸው ትሉኝ ይሆናል። የተማሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ይሏቸዋል። በዓይን አይታዩም እንጂ እፍኝ አፈር ውስጥ ያሉት ከአገሩ ሰው ይበዛሉ! የወደቀ ቅጠል አብስለው ለሥር የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው።

«ነፍሳት ሆይ፣ አብስሉለት! ሥር አላጎርስ አለ፣ ሻይ አላቆጠቁጥ አለ፣ ቅርጫቴ ባዶ ነው።»

«በምን አቅማችን? ምግባችን ተጠርጎ ተቃጠለ። ነጩ ማዳበሪያ በላይ በላዩ እየተደረበ አፈሩን አኮመጠጠብን፤ ግማሾቻችን አልቀናል።»

«ማዳበሪያ ሆይ፣ ተዋቸው! ነፍሳት አናበስል አሉ፣ ሥር አላጎርስ አለ፣ ሻይ አላቆጠቁጥ አለ፣ ቅርጫቴ ባዶ ነው።»

«እኔ በእግሬ መጣሁ እንዴ? በልክ ቢሰጡኝ ማንን እጎዳለሁ? ባልሽን ጠይቂው!»

ባሏ ወዳጆ ከሻዩ ግርጌ የወደቀውን ቅጠል ይጠርጋል። ማሳው እንደ ሳሎን ወለል ካልጸዳ እንቅልፍ አይወስደውም።

«አንተ ሰውዬ፣ መጥረጉንም መበተኑንም ተው! ማዳበሪያ አልተው አለ፣ ነፍሳት አናበስል አሉ፣ ሥር አላጎርስ አለ፣ ሻይ አላቆጠቁጥ አለ፣ ቅርጫቴ ባዶ ነው።»

«ቅጠል የተኛበት ማሳ ይዤ ሰነፍ ልባል? እንዲያውም እደግመዋለሁ!» አለና ሌላ የማዳበሪያ ጆንያ ፈታ።

ክረምቱ ወጣ። ማሳው ለጎረቤታቸው ለሻዎ ተሰጠ። ሻዎ ማዳበሪያውን ቀነሰ፤ ሻዩን ሲከረክም የወደቀውን ቅጠል እዚያው ተወው፤ የከብት ፍግ ጨመረበት። ጊዜ ወሰደ እንጂ፣ ማዳበሪያ ነፍሳትን ተወ፣ ነፍሳት ለሥር አበሰሉ፣ ሥር ሻይን አጎረሰ፣ ሻይ አቆጠቆጠ፣ የአስካለች ቅርጫት ሞላ።

አዎ፣ የለቀመችው እሷ ናት። ለሻዎ ተቀጥራ።

«እትዬ አስካለች፣ ሞላልሽ እኮ!» አላት።

«ሞላልህ» አለችው፤ ቅርጫቱንም አስረከበችው።

እናንተስ? ሻያችሁን ስትከረክሙ መጥረጊያውን ስቀሉት። ቅጠሉን እዚያው ተዉት፤ ከርሞ አፈሩን ዘግናችሁ አሽትቱት፤ ነፍሳቱ ከተመለሱ እንደ ጫካ አፈር ይሸታል። ሂዱና ሞክሩት፤ ማሳው በእጃችሁ ሳለ።