ከማዶ የተወደደው ነጭ ግድግዳ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት በየማታው የራሳቸውን ጎሬ ትተው የአንዲት ሽኮኮን ዋሻ ሲመለከቱ የሚያመሹበት ጠባብ ገደል ነበር።

በገደሉ አንድ ወገን ሽኮኪት ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት ዋሻ አለ። አፉ ሰፊ ስለሆነ ውስጡ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ድረስ ይታያል። በማዶ በኩል ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አራዊት ከወንዝ ጠጥተው ሲመለሱ እዚያ ያርፋሉ። መጀመሪያ ያረፉት ደክሟቸው ነበር። ኋላ ግን ሽኮኪት ልጆቿን ስትቆጣ፣ ከእነሱም ጋር በቅጠል ስትጣላና መልሳ ስትታረቅ ማየት ጣማቸውና ሳይደክማቸውም መምጣት ጀመሩ። ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ጦጢት እንጆሪ፣ አህያ ለምለም ሣር፣ ሚዳቋ የቀጋ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ፤ ዝንጀሮ የራሱን ሾላ ጨምሮ ሁሉንም ገደሉን አሻግሮ ደጇ ላይ ይወረውርላታል።

ሽኮኪት ቀስ በቀስ ቅጠል ፍለጋ መውጣቷን ተወች። ቀን ቀን የምታስበው ማታ ምን እንደምታሳያቸው ብቻ ሆነ።

በዋሻው ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቡናማ ነገር ነበር። የሽኮኪት እናት፣ አያቷ፣ ከእነሱም በፊት የነበሩት ሁሉ እዚያው ቦታ ሽንታቸውን እያሳረፉ የተዉት ምልክት ነው። ተደራርቦ ደርቆ እንደ ሙጫ ያብረቀርቃል። በዚያ አገር የቤት ምስክር ሽታ ነበር። በግድግዳው ላይ የማን ሽታ አለ? ቤቱ የዚያ ነው። ከአንበሳ እስከ አይጥ ይህን ሕግ የማያውቅ የለም። ሽኮኪትም ታውቀዋለች፤ ግን ቤቴን ልቀቂ ብሎ የመጣባት ስላልነበረ ካሰበችው ቆይታለች።

አንድ ማታ ጦጢት ፊቷን አጨማደደች።

«ሽኮኪት፣ ቤትሽ እኮ ደስ ይላል፤ ያ ግድግዳሽ ላይ ያለው ግን ምንድን ነው? እንጆሪዬን አላስበላ አለኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምልክቱን ልብ ያለው አልነበረም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ከእሱ ሌላ የሚያዩት ጠፋ። ሚዳቋ ዓይኗን እንደሚያማት ተናገረች። አህያ እሷ ብትሆን በልጆቿ ፊት እንደምታፍር ተናገረች። ዝንጀሮ የሚተኛው ገላጣ ገደል አናት ላይ ነው፤ በሕይወቱ ግድግዳ ኖሮት አያውቅም፤ በግድግዳ ጉዳይ ግን ከሁሉም አብልጦ ተናገረ። በማግስቱ ድንጋዩ ግማሹ ባዶ ሆነ፤ ደጇ ላይ የወደቀውም ጥቂት ሾላ ብቻ ነበር። ሽኮኪት ደነገጠች።

ይህን ያወቀች ቀበሮ በጠዋት ከደጇ ደረሰች። ከጓዳ እስከ ደጅ ተመላለሰች፤ ግድግዳውን አየች፤ ራሷን ነቀነቀች። ከሩቅ አገር የምታስመጣው ነጭ አፈር እንዳለ፣ በእሱ የተለቀለቀ ዋሻ በቀን እንደ ፀሐይ እንደሚያበራ አወራቻት። ለድካሟ የጠየቀችው ሽኮኪት ለክረምት ያከማቸችውን ፍሬ ሁሉ ነው።

«ፍሬውስ ይሁን፣ እመት ቀበሮ» አለች ሽኮኪት፤ «ይወዱታል ወይ?»

«ሲያዩት አፋቸውን ይዘው ነው የሚቀሩት። አንቺ ብቻ ከመምጣቴ በፊት ያንን ቡናማ ነገር ፍቀሽ ጠብቂኝ።»

ቀበሮ ከዚያ የሄደችው ሩቅ አገር ሳይሆን ጅብ ዘንድ ነው። ጅብ ከደረሰበት ሁሉ ሲባረር የኖረ ቤት አልባ ነው። ከሚተኛበት ቁጥቋጦ ጀርባ የሚጸዳዳበት ሜዳ አለው። አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ቀበሮ ከዚያ ልውሰድ ብላ ስትጠይቀው ጅብ ብዙ አሰበ።

«ይበላል እንዴ?» አላት በመጨረሻ።

«አይበላም፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ለእኔ ሳይሆን ለአንተ ነው። ሽታህ ያለበት ቤት የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«በቃ፤ የሽኮኪትን ግድግዳ በሽታህ እለቀልቅልሃለሁ። በየማታው ደጁ ላይ ስጦታ የሚዘንብበት ቤት ነው።»

ጅብ ስጦታ ሲባል ምራቁ ወረደ። ስጦታው ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት፤ አልጠየቀም። ለእሱ ስጦታ ማለት ሥጋ ነው። ደብቆ ያቆየውን የበሬ ቅልጥም አውጥቶ ለቀበሮ ሰጣት፤ እሷም በአፏ ይዛው ሄደች።

ሽኮኪት በበኩሏ ግድግዳውን በጥፍሯ መፋቅ ጀምራለች። ምልክቱ ሲላጥ ከውስጡ የቆየ ሽታ ወጣ። የእናቷ ሽታ ነው። እጇ ቆመ። ማዶ ሆና ስታያት የነበረችው ጦጢት ግን «በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አለቻት። ሽኮኪት ፋቀችው።

ቀበሮ የጅቡን ኩስ ወቅጣ፣ በዳማከሴና በጠጅ ሣር ጭማቂ ለውሳ አመጣችው። ዋሻው ውስጥ የቅጠሉ መዓዛ ብቻ ነበር የሚሸተው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ለቀለቀችው፤ የክረምቱን ፍሬ ተሸክማ ሄደች።

ማታ አራዊት ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ሚዳቋ መብረቅ የወደቀ መስሏት ወደ ኋላ ሸሸች። አህያ የያዘችው ሣር ከአፏ ወደቀ፤ ሽኮኪት ሞታ ሌላ የገባበት ቤት መሰላት። ቀድማ አፏን የከፈተችው ጦጢት ናት፤ እንቁላል ውስጥ የገባች ትመስላለች አለች። አንዱ በዛ አለ፤ ሌላው ዓይኔን አጠፋችው አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ዝንጀሮ ዞሩ። ዝንጀሮ ራሱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«አሁን ገና ቤት ሆነ» አለ።

ሁሉም እንደዚያው ብለው እንደነበር ትዝ አላቸው። ወሬው ከገደሉ ወጥቶ ዳገቱን አዳረሰ። በማግስቱ ድንጋዩ መቆሚያ ጠፋበት፤ ደጇ በሾላና በእንጆሪ ተሞላ። ሽኮኪት በነጩ ግድግዳ ፊት ወዲያ ወዲህ እያለች አመሸች።

ከጥቂት ቀን በኋላ የቅጠሉ መዓዛ ጠፋና ከስሩ ሌላ ሽታ ብቅ አለ። ልጆቿ አንገባም ብለው ደጅ ላይ ተኮራምተው ቀሩ። ትንሿ «እማ፣ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ» አለቻት። ሽኮኪት ልጇን ተቆጣቻት፤ ግን የገዛ ራሷ ጀርባ ፀጉር ከቆመ አልተኛ ብሏል። ማታ ተመልካቾቿ ሲሰበሰቡ ወደ ማዶ ተጣራች።

«ጋሽ ዝንጀሮ፣ ቤቴ አይሸትም?»

ዝንጀሮ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ አየሩን ሳበ። የቀሩትም ሳቡ።

«እኛ ጋ ምንም አይሸትም» አላት። «ይልቅስ ወደ ግራ ጠጋ በይ፤ ጥላሽ ግድግዳውን እያበላሸው ነው።»

ሽኮኪት ጠጋ አለች።

በማግስቱ ማታ፣ ድንጋዩ በተመልካች እንደተሞላ፣ ጅብ በዋሻው ደጅ ብቅ አለ። ልጆቿ እየጮሁ ከኋላዋ ገቡ። ማዶ ያሉት ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጅብ ግን ማንንም አልነከሰም። መሀል ቤት ገብቶ ተጋደመ፤ ቤቴ ነውና ልቀቂልኝ አላት።

«በሕግ አምላክ!» አለች ሽኮኪት። «ጌታችን አንበሳ ይዳኙን።»

አንበሳ በዚያ ሰዓት ከወንዙ ዳር ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ሁለቱንም አዳመጠ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ቀርቦ አሸተተ፤ ፊቱን አዞረና ደግሞ አሸተተ።

«የጅብ ነው» አለ።

ሽኮኪት ግን ግድግዳውን የለቀለቀችው ቀበሮ እንደሆነች ተናገረች። ቀበሮ ማዶ ካሉት መሀል ቀስ ብላ ወጣች። ነጭ አደርገዋለሁ አልኳት፣ ነጭ አደረግሁላት፤ ነጩ ከየት መጣ ብላ ግን አልጠየቀችኝም ስትል መለሰች። በዚህ ውሸት አልነበረበትም።

«ጌታዬ» አለች ሽኮኪት፣ «ማዶ ያሉትን ይጠይቁልኝ። በየማታው እዚህ ስኖር ያዩኛል። ልጆቼ ሲወለዱ እንኳ አይተዋል።»

አንበሳ ወደ ማዶ ዞረ። ከመካከላችሁ ይህን ቤት ረግጦ ግድግዳውን ያሸተተ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። አንድም አልተገኘም። እንግዲያው ያያችሁትን ንገሩኝ አለ። ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግድግዳው ነጭ መሆኑን፣ ሥራውም ጥሩ መሆኑን መሰከረ። ጦጢት መሬት መሬት አየች። ሚዳቋ ጅቡን በስርቆሽ እያየች፣ ድሮ አንድ ቡናማ ነገር እንደነበረ፣ አሁን ግን እንደሌለ ተናገረች።

አንበሳ ወደ ሽኮኪት ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእናትሽን ምልክት ከዚህ ግድግዳ ላይ ማን አነሳው?»

ሽኮኪት እጆቿን አየች። ቡናማው ገና ከጥፍሮቿ ስር አልለቀቀም።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እኔ የምፈርደው አሁን ባለው ሽታ ነው። በነበረ ሽታ ለመፍረድ ሥልጣን የለኝም።»

ይህን ብሎ ቤቱን ለጅብ ፈረደ። የቻለው አንድ ነገር ቢኖር እናትና ልጆች እስኪወጡ ድረስ በጅቡና በእነሱ መሀል መቆም ነበር። ሽኮኪት ትንሿን በአፏ አንጠልጥላ ሁለቱን አስከትላ ወጣች። ማዶ ያሉት አፋቸውን እንደያዙ አዩዋት። እንደዚያ ማታ ያለ ትዕይንት አይተው አያውቁም ነበር።

ጅብ ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጦ ስጦታውን ጠበቀ። በጅብ ፊት ቆሞ እንጆሪ የሚወረውር ግን አልተገኘም፤ ድንጋዩ ባዶ ሆነ። ደጁ ላይ ከቀረው የደረቀ ሾላ አንዱን ነክሶ ተፋው። ስጦታው የት አለ ብሎ ቀበሮን ተጣራ። ቀበሮ ያን ጊዜ ከዳገቱ ጀርባ፣ የጃርት ቤት ደጃፍ ቆማ፣ ቤቱ ትንሽ እንደጨለመባት ለጃርት ስትነግራት ነበር።

ሽኮኪት አዲስ ቤት ያገኘችው እዚያው ተመልካቾቿ ይቀመጡበት ከነበረው ድንጋይ ስር ነው። ጅብ የማይገባበት ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ አፉም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ጫካው ይዞራል። የገባች ዕለት ሣር አልጎዘጎዘችም፤ ቅጠልም አላነጠፈችም። መጀመሪያ ያደረገችው ልጆቿን ተራ በተራ ወደ ግድግዳው አቅርባ ሽንታቸውን እንዲያሳርፉ ማድረግ ነበር።

ጅብ ርቦት አገር ለቅቆ ሲሄድ አራዊት ወደ ድንጋዩ ተመለሱ፤ የሚያዩት ግን አጡ። ጦጢት አላስችል ብሏት በእግሮቿ ተንጠልጥላ፣ ራሷን ዘቅዝቃ ወደ ስንጥቁ አጮለቀች።

«ውይ ሽኮኪት» አለች፤ «እዚህም ጀመርሽው? ግድግዳሽ ላይ ያለውን ትንሽ ብትፍቂው ኖሮ ቤትሽ ቤት ይሆን ነበር።»

ሽኮኪት ልጆቿን ታቅፋ ተኝታለች። ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም።

«ቤቴ እሱ ነው» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችንን ከማዶ ሆነው የሚያዩ ሰዎች መልኩን እንጂ ሽታውን ስለማያውቁት፣ ስለ ቤታችን ከእነሱ ዓይን ይልቅ የራሳችንን አፍንጫ ማመን እንዳለብን ነው።