የፊታውራሪ ሞተርሳይክል ኮርቻ

ፊታውራሪ ድፋባቸው ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ሞተርሳይክል ነበራቸው። መሄድ ከተወ ቆይቷል፤ ክብሩ ግን አልተጓደለበትም። በበዓል ቀን የበቅሎ ግምጃ ያለብሱታል፤ ፀሐይ ሲከር አሽከር ጃንጥላ ይይዝለታል።

አንድ ቀን ታዲያ የከተማውን ምላሰኛ መካኒክ አስጠሩና፦

«ይህን ሞተር ጠግነህ እንደ ድሮው አስኪድልኝ። ነገር ግን አባቴ በተቀመጡበት ኮርቻ ላይ ከዘራችን ውጭ ማንም አይቀመጥም። ብትቀመጥበት ወህኒ ትወርዳለህ፤ ሳትጠግነው ብትቀርም ወህኒ ትወርዳለህ» አሉት።

መካኒኩ እጅ ነሳና ሥራውን ጀመረ። የዛገውን ፈታ፣ በጋዝ አጠበ፣ መልሶ ገጠመና ከጎን ቆሞ ማስነሻውን በእግሩ ቢረግጠው ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለት ጀመረ።

«አለቀ?» አሉ ፊታውራሪ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«ፍሬኑ ብቻ ቀርቷል ጌታዬ። ፍሬን መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው ሰው ተቀምጦበት ይህን ከደጅዎ እስከ ወንዙ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ኮርቻው የዘርዎ ስለሆነ እርስዎ ይቀመጡበት፤ እኔ ወንዙ ዳር ሆኜ አያለሁ።»

ፊታውራሪ ቁልቁለቱን አዩ። ከግርጌው የሚያጓራውን ወንዝም አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መካኒኩን ትከሻውን አቀፍ አድርገው፦

«ስማ ልጄ፣ አሁን ገና ትዝ አለኝ፤ እናትህ እኮ በአያቴ በኩል ዘመዳችን ናት። በል ተቀመጥበት!» አሉት።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ምነው ጋሼ! ዘመድ ከሆንንማ ታላቅ ቆሞ ታናሽ ይቀመጣል እንዴ? እርስዎ ይቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ልግፋዎት።»