በለቅሶ ድንኳን የዞረው ወረቀት

ስለ አንድ ሰፈር ሁለት ቃል አለ።

አንደኛው ቃል ቢሮ ውስጥ፣ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። «ነዋሪዎቹ በቦታው ላይ የገበያ ማዕከል እንዲሠራ፣ እነሱም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተስማምተው በገዛ እጃቸው ፈርመዋል» ይላል። ከሥሩ ሰማንያ አራት ፊርማ አለ። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል።

ሁለተኛው ቃል የአንዲት አሮጊት ነው። «ቤቴን እለቃለሁ ብዬ የፈረምኩት ነገር የለም» ይላሉ። «ያን ሰሞን ብዕር የጨበጥኩት ለእማማ በየነች ቀብር ብቻ ነው።»

ወገኖቼ፣ የዋሸው ማን ነው? ፋይሉ ነው? አሮጊቷ ናቸው? አትቸኩሉ። ፊርማዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ አንድም አስመስሎ የተፈረመ የለም። አሮጊቷ ያሉትም እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሰው ቆሟል።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። እውነተኛ ስሙን ለእግዚአብሔር እንተወውና እኛ ጋሽ ዘርጋው እንበለው። በዋናው መንገድ ዳር ካሉት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዷ ውስጥ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሰፍቷል። ታላቅየው የለበሰውን ሱሪ ለታናሹ አሳጥሯል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሰው ያምነዋል።

ሰፈሩን ላሞግስላችሁ አልፈልግም። አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ይሰለፋል። ክረምት ሲገባ አልጋው ላይ ሳይቀር ሳፋ ይደረደራል። የፍሳሹ ቱቦ ከፈነዳ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ «ይሠራል» እየተባለ። «እንዲህ ያለ ሰፈር መነካት የለበትም» የሚል ሰው ካለ፣ በዚያ ሽንት ቤት ደጃፍ ተሰልፎ አያውቅም። ሰፈሩ መለወጥ ነበረበት። ሲለወጥ ማን ይቀራል? ማን ይሄዳል? ይህን ማንም አልጠየቀም።

አንድ ቀን ግርማቸው የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ወደ ጋሽ ዘርጋው ሱቅ ገባ። የመንገድ ዳር ባለሱቆች ተደራጅተው የገበያ ማዕከሉን ሕንፃ ሊሠሩ ነው፤ ሊቀመንበራቸው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ነገሩ ሊያልቅ ነው። አንተም ፎቅ ላይ መስታወት ያለው ሱቅ ይኖርሃል። የቀረን ከሱቆቹ ኋላ ያሉት ቤቶች ስምምነት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስብሰባ ጥራቸዋ።»

«ስብሰባ ማን ይመጣል? የዚህ ሰፈር ሰው አንድ ሳይቀር የሚገኘው ለቅሶ ላይ ነው። የስምምነቱን ወረቀት ከዕድሩ ስም መቆጣጠሪያ ጋር አዙርልኝ።»

ጋሽ ዘርጋው መቀሱን አስቀመጠ። «ሳያነቡ ቢፈርሙስ?»

«እንዳያነቡ ማን ከለከላቸው?»

ጋሽ ዘርጋው ለዚህች ጥያቄ መልስ አጣ። መልስ ስላጣላትም ትክክል መሰለችው።

የዕድርን ልማድ ታውቁታላችሁ። ከቀብር መልስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ የስም መቆጣጠሪያው ይዞራል። ያልፈረመ ቀሪ ነው፤ ቀሪ ደግሞ ይቀጣል። ማን ያነበዋል? ከእናንተ ውስጥ አንብቦ የፈረመ አለ? ሰው ስሙን ይፈልጋል፣ ይፈርማል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል።

እማማ በየነች ያረፉት በሐምሌ ነው። የሰፈሩ ግማሽ በእሳቸው እጅ የተወለደ ነውና ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ጋሽ ዘርጋው ከመቆጣጠሪያው ሥር ሁለተኛውን ወረቀት አድርጎ እየዞረ ያስፈርማል። እትዬ ትርፌ ጋ ደረሰ። እትዬ ትርፌ መጀመሪያ ያነሣሁላችሁ አሮጊት ናቸው፤ በጉልት ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ መበለት። ሳህን ሲያጥቡ ስለነበር እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ዘርጋው፣ ዛሬም ቀሪ ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አይ እትዬ፣ ይፈርሙ እንጂ።»

ፈረሙ። ሁለተኛውን ሲያቀርብላቸው ቀና ብለው አዩት። «ሁለቴ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሁለቴ ነው።»

«ለበየነችማ አሥር ጊዜም ቢሆን እፈርማለሁ» አሉና ፈረሙ።

ወገኖቼ፣ ሴትዮዋ በልባቸው ጎረቤታቸውን ነው የሸኙት። በእጃቸው ግን ቤታቸውን አስረከቡ። አዎ፣ ሁለቴ ነው። ጋሽ ዘርጋው ከዚህ ሌላ ምንም አላለም።

ከአራት ወር በኋላ ቤታችሁን ልቀቁ የሚል ደብዳቤ መጣ። ቢሮ ሄደው «እኔ አልፈረምኩም» ያሉትን ሁሉ ፋይሉ ጠበቃቸው። «ይሄስ የማን ነው?» ተባሉ እትዬ ትርፌ። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፤ አገላብጠው አዩት። «የኔ ነው» አሉና ወጡ። ሰፈሩ እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ። «ማን ነው የሸጠን? ማን ነው ቀድሞ የፈረመ?» አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች ሰላምታ ተነፋፈጉ።

እትዬ ትርፌ ግን ማንንም አልጠረጠሩም፤ ራሳቸውን እንጂ። ቀጥ ብለው ወደ ጋሽ ዘርጋው ሱቅ መጡ።

«ዘርጋው፣ መዝገብ የምትይዘው አንተ ነህ። ያን ወረቀት ፈርሜ ነበር እንዴ? ጽሕፈቱስ የኔው ነው፤ ግን ምንም ትዝ አይለኝም። አእምሮዬ ሊሄድ ነው መሰለኝ።»

ጋሽ ዘርጋው መርፌ ላይ ክር እያስገባ ነበር። ቀና አላለም።

«እርጅና ነው፣ እትዬ» አላቸው።

በወረቀቱ ቤታቸውን ወሰደባቸው። በዚህች ቃል ደግሞ ራሳቸውን ወሰደባቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ ትርፌ በራቸውን ቆልፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ይመለሳሉ፤ ቁልፉን ነካ አድርገው እንደገና ይሄዳሉ፤ እንደገና ይመለሳሉ። ጉልት ላይ ያለው ሰው ያያል፤ «አይ እርጅና» ይላል። ጋሽ ዘርጋውም ከመስኮቱ ያያል። እሱ ግን እርጅና እንዳልሆነ ያውቃል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው የዕድር ስብሰባ ቀን ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ነበር። የእትዬ ትርፌ ቤት ተራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከፍርስራሹ አጠገብ በቆመው አጥር ላይ የሚሠራው ሕንፃ ሥዕል ተሰቅሏል፤ መስታወት፣ አበባ፣ ከረጢት ያንጠለጠሉ ሰዎች። ከሥዕሉ ሰዎች ውስጥ የሰፈሩን ሰው የሚመስል አንድም የለም። የቀሩት አባላት ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ሊከፋፈሉ ተሰበሰቡ። ጋሽ ዘርጋው እንደ ልማዱ መዝገቡን ገልጦ ስም ጠራ።

«ወርቅነሽ ድንቁ።» ዝም።

«ሻምበል አስናቀ።» «ሄዷል» አለ አንድ ሰው ከጥግ።

«ትርፌ ወልደየስ።»

«አቤት» አሉ። «አለሁ መሰለኝ» ብለው ጨመሩ።

ሰው ሳቀ። «እትዬ፣ መኖርዎን ደግሞ ይፈርሙ እንዳይሉዎት!» አለ አንዱ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ያልሳቀው ጸሐፊው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ እናንተ ልዙር።

እናንተ የማንንም ቤት አላፈረሳችሁም። እሺ። ግን «እዚህ ጋ ፈርሙ» ስትሉት ሳያነብ የፈረመላችሁ ሰው የለም? ያላነበበው ሞኝ ስለሆነ ነው? ወይስ ስላመናችሁ? ያላችሁትን «አላልኩም» ብላችሁ፣ ትክክለኛ ትዝታዋን ያስካዳችኋት ሚስት የለችም? የእናንተን ጥፋት ተሸክማ «እኔ ነኝ የረሳሁት» እያለች የምታለቅስ የቤት ሠራተኛስ? ዛሬ ማታ ራሱን እየተጠራጠረ የሚተኛ፣ መድኃኒቱ ግን በእናንተ አፍ ውስጥ ያለ ሰው የለም? አለ። ስሙን ታውቁታላችሁ። አሁን ትዝ ብሏችኋል።

እውነቱን ብትናገሩ የፈረሰው ይነሣል ብዬ አልዋሻችሁም። አይነሣ ይሆናል።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። ከአባላቱ ጋር የተገኘው ግርማቸው የጋሽ ዘርጋውን ፊት አየና ሊናገር እንደሆነ ገባው። ጠጋ ብሎ በጆሮው፣ «ጋሼ፣ ተው። ሰፈሩ እንደሆነ ፈርሷል፤ አሁን ቢወራ ምን ይፈይዳል? ሱቅህን ታጣለህ እንጂ» አለው።

ስለ ሱቁ ልክ ነበር። ስለ ሰፈሩም ልክ ነበር።

ጋሽ ዘርጋው መዝገቡን ዘጋና ተነሣ። ስም ሲጠራ በሚሰማው በዚያው ድምፁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እንዲደርስ አድርጎ፣ እንዲህ አለ፦

«እትዬ ትርፌ፣ አእምሮዎ ደህና ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ወረቀት ከሥር ያስገባሁት እኔ ነኝ። እርስዎ የፈረሙት ለእማማ በየነች ነው፤ ሁላችሁም እንደዚያው። ነገ ጠዋት ቢሮው ሄጄ ይህንኑ ጽፌ፣ በገዛ እጄ ፈርሜ እሰጣለሁ። ሱቁን አልወስድም።»