ብረቱን ያቀፈችው ዝንጀሮ

ተረቴ በር ላይ ቆማለች፤ ግቢ በሏት እንጂ! ጮክ በሉ፣ ራት ያልበላችሁ አታስመስሉ። እንዲህ ነው! ገባች።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳው ሁሉ በሚናገርበት፣ ገመዱም ብረቱም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ገደል ሥር ባልና ሚስት ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። ባልየው አያ ጓንጉል፣ ሚስትየዋ እሜቴ ይታክቱ ይባላሉ። አያ ጓንጉል የገደል ማር ቆራጭ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ገመድ ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ! ያ ገደል ሆዱን ወደ ውስጥ የሳበ፣ ግንባሩን ወደ ውጭ ያወጣ ክፉ ገደል ነበር። ንቦቹ ማራቸውን የሠሩት ደግሞ ግንባሩ ሥር ነው። እዚያ ላይ ዝንጀሮም ቢሆን ይወድቃል።

ገመዱ ገደሉ አናት ላይ ባለ የወይራ ግንድ ዞሮ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ገደሉን በሚወጣው ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ሌላውን ታች የቆመው ያዥ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በእጁ ይይዛል። በዚያ አገር ወግ ገመድ የሚይዘው ወጪውን የሚወድ ብቻ ነው። ጡንቸኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ "ትወደዋለህ ወይ?" ነው የሚባለው። የማይወድ መዳፉ ሲቃጠል ይለቃል፣ የሚወድ አይለቅም ብለው ነው። እሜቴ ይታክቱ ባሏን እንዲህ ስትይዝ ኖራለች። መዳፏን ብታዩት የታረሰ መሬት ይመስላል።

ባለፈው የማር ወራት ግን አያ ጓንጉል ሲወድቅ ገመዱ ከእጇ ሾለከ። ያስቆመችው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

"አንተ ሰው፣ ማሩ ይቅርብን። እጄ ከድቶኛል" አለችው።

"ሌላ ሥራ አላውቅም።"

"እንግዲያው ሌላ ይያዝህ!"

"ከአንቺ ሌላ ማን ይወደኛል? ይኸን መልክ?" አለና ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

አንድ ቀን ቁራ መዳፍ የሚያክል ብረት በአፉ አንጠልጥሎ መጣ። ከማዶ የመጡ ገደል ወጪዎች ጥለውት ሄደው ነው። ብረቱ ገና መሬት ሳይነካ መናገር ጀመረ።

"ከያዧ ወገብ ላይ አንጠልጥሉኝና ገመዱን በሆዴ አሳልፉት። ቀስ ብሎ ሲሄድ ዝም እለዋለሁ። ድንገት ሲመነጨቅ ግን በመንጋጋዬ ነክሼ አስቀረዋለሁ። ያዧ ታዲያ ከእኔ በታች ያለውን የገመዱን ጭራ አትልቀቅ። እኔ አጋዥ ነኝ እንጂ ያዥ አይደለሁም።"

"ምን ጭራ ጭራ ትላለህ!" አለ ቁራ። "እሜቴ፣ ይኸን ይዘሽ ብትተኚም ግድ የለም!"

ገመዱ አሮጌ የጠፍር ገመድ ነው፤ ተኮሳተረ። "እኔ አያትህ የምሆነውን ልትነክሰኝ? እኔ በእሷ እጅ ላብ ያደግሁ ነኝ!"

ነገሩ ወደ እመት ኤሊ ሄደ። አዲስ ነገር ሁሉ የሚፈተነው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከእሳቸው የበለጠ መውደቅን የሚፈራ የለማ። ብረቱን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ቀመሱት።

"እንፈትነው" አሉ።

መጀመሪያ አያ ጓንጉልን የሚያህል ጆንያ ድንጋይ ሞሉና ሰቀሉት። ይታክቱ ጭራውን ያዘች። ጆንያውን ለቀቁት፤ ብረቱ ቀጭ! አደረገው። ጆንያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"እሰይ! አለቀ፣ ተፈተነ!" አለ ቁራ።

"ገና" አሉ እመት ኤሊ።

ቀጥለው ገመዱን ውኃ ነከሩት፣ ጭቃ ለወሱት። ገመዱ "ወይ ውርደቴ!" እያለ ተነጫነጨ። ጆንያውን ለቀቁት፤ ትንሽ ተንሸራተተና ቀጭ! ቆመ።

"እሰይ! አሁንስ አለቀ!" አለ ቁራ።

"ገና። ድንጋይ የማንም ባል አይደለም" አሉ እመት ኤሊ።

ሦስተኛው ፈተና ራሱ አያ ጓንጉል ሆነ። እመት ኤሊ ገደሉ ሥር የሣር ክምር አስከመሩ፤ ቁራ "ምን ያለ ፍርሃት ነው!" ብሎ ሳቀባቸው። አያ ጓንጉል ትንሽ ወጣ። መቼ እንደሚወድቅ ለሚስቱ አልነገራትም። ድንገት ለቀቀና "ይታክቱዬ!" ብሎ ጮኸ።

እሷስ ምን ታድርግ? "እኔን ይድፋኝ!" አለችና የገመዱን ጭራ ለቃ፣ ብረቱን በሁለት እጇ አፍና ደረቷ ላይ አቀፈችው። ባሏን ያቀፈች መስሏት ነው፣ ምስኪን!

"ልቀቂኝ! አፌን ያዝሽው!" አለ ብረቱ።

እሷ ይበልጥ ጨመቀችው። ገመዱ ሽው ብሎ አለፈ፤ አያ ጓንጉልም ሣሩ ላይ በመቀመጫው ዘጭ አለ።

ጉድ ፈላ! ቁራ ቀድሞ ጮኸ፤ "ድሮም አላማረኝም ነበር! ገደል ይግባ ይኸ ውሸታም!" አለ። ይታክቱ ባሏን እያገላበጠች ታለቅስ ጀመር። ብረቱን ሊወረውሩት ሲያነሱት ግን አሮጌው ገመድ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ አልወደውም። ሲነክስ ያማል። ግን በሆዱ ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ እውነቱን ልናገር። ሊነክሰኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ መንጋጋውን ጨምቃ ያዘችበት።"

ይታክቱ እጇን አየች።

"ከመውደዴ ልገድለው ነበር" አለች። "ከእንግዲህ የማይወደው ይያዘው። እኔ አልነካም።"

አያ ጓንጉል ሣሩን ከጸጉሩ እያራገፈ ተነሣ። "እኔ ደግሞ በማይወደኝ እጅ ገደል አልወጣም። ተነሺ፤ እጅሽ እስኪለምድ እወድቃለሁ።"

"ያምሃል እኮ፣ የኔ ጌታ!"

"ሣር ነው፣ ምን ያመኛል?" አለ። ዋሸ፤ አሞታል።

ወደቀ። ጨመቀችው። ወደቀ። ጨመቀችው። "ታች! ጭራውን! ታች!" ይላል ብረቱ። ገመዱም ሳይወድ በግዱ "ታች፣ ልጄ፣ ታች" ይላታል። እንዲህ ሲወድቅ ሰነበተ፤ መቀመጫው ቀላ፣ እስከ ዛሬም አልነጣለትም። ከብዙ መውደቅ በኋላ አንድ ቀን እጇ ብረቱን ትቶ ወደ ታች ሄደ፤ ቀጭ! ተንጠለጠለ። በማግስቱም፣ በማግስቱም ያዘችው።

የማር ወራት ደረሰ። አያ ጓንጉል ወጣ፣ ወጣ፣ ከገደሉ ግንባር ሥር ገባ። ታች ሣር የለም፤ ድንጋይ ነው። እጁን ወደ ማሩ ሲሰድ ንቦቹ ፊቱ ላይ ሰፈሩ፤ እግሩ ከዳው።

"ይታክቱዬ!"

"እኔን ይድፋኝ!" አለች። እጇ ወደ ብረቱ ተነሣ፤ መላ ሰውነቷ እቀፊው፣ እቀፊው አላት። አላቀፈችውም። እያለቀሰች እጇን ወደ ታች ሰደደችና ጭራውን ጨበጠች። ብረቱ ቀጭ! አደረገው።

ከላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"አለሽ?"

"አለሁ!"

"ይዘሽኛል?"

"ጭራውን ይዣለሁ፤ ብረቱ ነክሷል። አንተ ማርህን ቁረጥ!"

ተረቴ ይህችው ናት። እናንተም ስትወዱ ውደዱ፣ አትሰስቱ። ግን የምትወዱት ሲወድቅ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሳይወድቅ አስተምሩት።