መዓት የተባለው ውሻና አልገባም ያለችው ሙሽራ

ተረት ተረት!
የላም በረት!
በረቱን ማን ይጠብቃል?
ውሻው!
ውሻውንስ ማን ይጠብቀዋል?

ዝም አላችሁ አይደል! እንግዲያው ተጠጉና ስሙኝ። አንቺ ሽታዬ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ አትዝጊው፤ የዛሬውን ተረት የኛም ውሻ ይስማው።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለ መንደር፣ ስንሻው የሚባል ጎበዝ ነበረ። እርሻው የሰመረ፣ ከብቱ የረባ፣ ጉልበቱ የተፈራ ሰው ነው። አንድ ጥቁር ውሻም ነበረው። ስሙን መዓት አለው። ልብ በሉ፣ ገና ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ ሳለ ነው መዓት የተባለው!

ያን ጊዜ ሰዉ፣ ውሻ ኃይለኛ የሚሆነው ሲንገበገብ ነው ይል ነበር። ስለዚህ ስንሻው የመዓትን ጆሮ ቆረጠው። ከዚያም ፀሐይ ላይ በሰንሰለት አሰረው። ከዚያም አጥንት በሰጠው ቁጥር በሚጥሚጣ እያሸ ሰጠው። ምስኪኑ እየበላ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይበላል። ውኃ ሲጠማው ማን ያስታውሰዋል? ስንሻው ለውሻው ያስተማረው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ ጃስ! ጃስ ሲለው ይዘላል፣ ይናከሳል። ስንሻውም በዚህ በየገበያው ይኩራራል።

፦ የኔን ግቢ እንኳን ሌባ፣ ነፋስም አይደፍረው! ይላል።

ማቆሚያውን ቃል ግን አላስተማረውም። ኧረ ጭራሽ ማቆሚያ እንደሚያስፈልግም አላሰበም!

ጥር ገባና የስንሻው ሠርግ ደረሰ። ሙሽራዋ ትርንጎ ትባላለች። አባቷ ደጋ ላይ በግ ያረባሉ፤ እሷም ከበግ ጠባቂ ውሾች ጋር ነው ያደገችው። ስንሻው ሚዜዎቹን ይዞ ሊያመጣት ሲነሣ ምን አደረገ መሰላችሁ? አማቶቼ ውሻዬን ይዩልኝ ብሎ፣ ሙሽራ ከምትገባበት በር ላይ ችካል ተከለና መዓትን እዚያ አሰረው! ደጋሾቹ ሴቶች በጓሮ ነው የሚገቡት፤ ከነሱ አንዷ እንኳ፣ አንተ ሰው ተው፣ ብትለው መች ይሰማል።

ከሰዓት በኋላ ሙሽራዋ በበቅሎ ደረሰች። እልልታው ቀለጠ። ከበሮው ተመታ። መዓት ይህን ያህል ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅምና ጆሮ የሌለውን ራሱን አስግጎ ተነሣ። ጎተተ፣ ዘለለ፣ ችካሉን ነቀለው!

ወዮ ልጆቼ፣ ያን ቀን ያላየ! አዝማሪው ማሲንቆውን ጥሎ ፈረጠጠ። ከበሮ መቺው ከበሮው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። «እህቴ ናት፣ እስክሞት እጠብቃታለሁ» ብሎ የማለው አንደኛ ሚዜ፣ ደሳለው፣ ከነሠርግ ልብሱ ወይራ ዛፍ ላይ ወጣ! የመንደሩ ሽማግሌ አያ መኩሪያው ግን እግራቸው አልታዘዝ አላቸውና ባታቸውን ተነከሱ። ስንሻውም ይጮኻል፦

፦ መዓት! መዓት! መዓት!

ውሻው ስሙን የሚሰማው ሲደበደብ ብቻ ነው። ስለዚህ በተጠራ ቁጥር ይብስበታል።

በቅሎዋ ደነበረች። ትርንጎም ዱብ ብላ ወረደችና፦

፦ አትሩጡ! ባላችሁበት ቁሙ! አለች።

ሙሽራ ስትጮኽ ማን ሰምቶ ያውቃል? ሰዉ ከውሻው ይልቅ በሷ ደነገጠና ቀጥ አለ። እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ከዚያም ከስንቋ ዳቦ ቆርሳ ጣለችለት። መዓት አሸተተ። ጎረሰ። ከዚያም ዝም ብሎ ቆመ። ምን እየጠበቀ መሰላችሁ? ሚጥሚጣውን! አፉ እስኪቃጠል ነው የሚጠብቀው። አላቃጠለውም። ሌላ ጣለችለት። አሁንም አላቃጠለውም። ያን ጊዜ፣ ተወዛውዞ የማያውቀው ጭራው ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ትርንጎም ቀስ ብላ ሰንሰለቱን ያዘች።

የአያ መኩሪያውን ቁስል በብዙ ውኃ አጠቡላቸውና አሰሩላቸው። እሳቸውም በቁጣ፦

፦ ይህ አውሬ ዛሬውኑ ይገደል! አሉ።

ስንሻውም በኀፍረት ተቃጥሎ ዱላውን አነሣ። ትርንጎ መሃል ገባች።

፦ ያጠፋኸው አንተ፣ የሚሞተው እሱ?

፦ በሰው ፊት አዋረደኝ እኮ!

፦ ነገ እኔ ባዋርድህስ? ልጅህ ቢያዋርድህስ? ዱላ ልታነሣ ነው?

የስንሻው ዱላ በእጁ እንዳለ ቀረ።

፦ እንግዲያው እኔ በዚህ በር አልገባም፣ አለች ትርንጎ። ለዚህ ውሻ ማቆሚያ ቃል እስክታስተምረው ድረስ አልገባም። አንተው ራስህ፣ ያለ ዱላ!

የትርንጎ ወንድሞች፣ እህታችንን መልሰን እንወስዳለን ብለው ተነሡ። ግርግር ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተማከሩና አያ መኩሪያው ተናገሩ፦

፦ እስከ ቅበላ ታግሠናል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ እኔ በዚህ በር በደኅና ካለፍኩ ሙሽራዋ ትግባ። ካላለፍኩ ውሻውም ይገደል፣ ልጅቱም ወደ አባቷ ትመለስ።

ስንሻው ትርንጎን አያት። ወዷታል፤ ምን ይደበቃል፣ ወዷታልና እሺ አለ! እሷም የስንሻው አክስት እትዬ ውድነሽ ዘንድ አረፈች። ከመሄዷ በፊት ግን ወደ ወይራው ቀና ብላ፦

፦ የኔ ሚዜ ዛፍ ላይ ነው ያለው። ከዛሬ ጀምሮ ሚዜዬ ይህ ውሻ ነው፤ ስሙም ሚዜ ይባል! አለች። ደሳለውም ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ።

በማግሥቱ ትርንጎ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፣ ስንሻው ከውስጥ። የተነቀለውን ችካል ጥላ ሥር ተከለው። ሰንሰለቱን ፈታና በለስላሳ ጠፍር ለወጠው። በገል ውኃ አቀረበለት፤ ሚዜ ጠጥቶ ጠጥቶ ሊጠግብ አልቻለም። ከዚያም ስንሻው፣ ያ የተፈራው ጎበዝ፣ ቁጢጥ ብሎ የውሻ መዥገር ለቀመ! መንደሩ በአጥር ተንጠልጥሎ ሳቀበት።

፦ አሁን ጥራው፣ አለች ትርንጎ።

፦ ሚዜዜዜ!

ውሻው ጠፍሩ እስኪወጠር ሸሸ።

፦ ማዶ ያለ ሰው ነው እንዴ የምትጠራው? ቀስ ብለህ! ሲመጣ ቶሎ ጉርሻ ስጠው፤ ስሙ ዳቦ ዳቦ ይሽተተው።

እንዲህ እያለ ቀን ቀንን ተካ። ሚዜ ስሙን ወደደው። ከዚያም «ተው» የሚለው ቃል መጣ። አጥንት በአፉ ይዞ ሳለ ስንሻው «ተው» ይላል፤ ሲተው የተሻለ ሥጋ ይሰጠዋል፤ አጥንቱንም ይመልስለታል። አንዳንድ ቀን ስንሻው ይናደዳል፤ ሲጮኽም ትርንጎ ምንም ሳትል ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ያን ቀን ስንሻውም ሚዜም አብረው ይተክዛሉ። እየቆየም ጎረቤት ድንገት ሲመጣ፣ ሚዜ ጮኾ ይናገራል እንጂ መናከሱን ተወ!

ቅበላ ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወጣ። ደሳለው ከወይራው ሥር ቦታ ያዘ፤ ምናልባት ብሎ! ትርንጎ የሙሽራ ልብሷን ለብሳ፣ ዓይነ ርግቧን ጥላ፣ ከበሩ ውጭ ቆመች። ሚዜ ሳይታሰር ቁጭ ብሏል። አያ መኩሪያው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ።

በግቢው መሃል፣ ያ የተነከሰው እግር አዳለጣቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። ከዘራው ወደ ላይ ተነሣ። ሚዜም ዕድሜውን ሙሉ ዱላ ሲነሣበት የኖረ ውሻ ነውና፣ ተፈናጥሮ ዘለለ!

ሰዉ ጮኸ። የስንሻው እጅ በልማዱ አጥሩ ላይ ወዳለው ዱላ ሄደ። ጨበጠው። ከዚያም... ለቀቀው። ዱላው መሬት ላይ ወደቀ። በቀስታ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው፦

፦ ተው፣ ሚዜ። ተው፣ አለ።

ሚዜ ቆመ። ከሽማግሌው ጉልበት ሥር ቆመ! እየተንቀጠቀጠ ዞረና መጥቶ ከስንሻው እግር ሥር ተቀመጠ። ስንሻውም አንገቱን አቅፎ፣ አገር እያየው፣ አለቀሰ።

እልልታው ሰማይ ነካ! አያ መኩሪያው ጋቢያቸውን እያራገፉ ተነሡና፦

፦ በቃ፣ ውሻው ተምሯል። ልጄ፣ አይተሻል፤ ግቢ! አሏት።

፦ እኔ ውሻውን አላየሁም፣ አለች ትርንጎ።

፦ ታዲያ ምን ስታዪ ነበር?

፦ እጁን።

ይህን ብላ ዓይነ ርግቧን ገለጠችና በበሩ ገባች። ሚዜም እንደ ሚዜ ከፊቷ ከፊቷ እየሄደ አስገባት።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በትኩስ ዳቦ አብሱ! ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ በሩ ላይ ለተኛው ቁረሱለት። ውኃውንም እዩለት። ሚጥሚጣ የነካ እጅ ያለው ግን ታጥቦ ይምጣ!